የድሬዳዋ ዛፍ ለምን አላበበም?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከዘር ያበቀልኩት የድሬዳዋ ዛፍ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ዓመቱን ሙሉ በሳምንት ሁለቴ አጠጣዋለሁ፤ ከአትክልቱ ጋር ዩሪያም ይደርሰዋል። ቅጠሉ ያምራል፣ አበባ ግን አላየሁበትም።
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውሃውም ዩሪያውም በዝቶበታል። የዛፉ አገር ማዳጋስካር ነው፤ እዚያ ለወራት ዝናብ በማያገኝ ደረቅ ጫካ ይበቅላል። በድርቁ ቅጠሉን ያራግፍና ወቅቱ ሊያበቃ ሲል ያብባል። በጋውን ሙሉ የሚጠጣ ዛፍ ይህ ዕረፍት ይቀርበታል። ዩሪያ ደግሞ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ስለሆነ ዛፉ ቅጠልና ቅርንጫፍ እያበዛ ይሄዳል።

ዩሪያውን ፈጽመው ይተዉት። ከጥቅምት ጀምሮ ውሃውን እየቀነሱ ኅዳር ላይ ያቁሙ፤ በዚህ ዕድሜው ሥሩ ርቆ ስለሄደ ይችለዋል። ቅጠሉ ቢረግፍ አይደንግጡ። አበባው የሚወጣው በቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነውና ከማበቢያው በፊት በመቀስ አይንኩት፤ መከርከም ካስፈለገ አበባው እንዳለቀ ይሁን። የሕንፃ ጥላ ካረፈበት ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይረዳም፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። ከዘር የበቀለ ዛፍ ለማበብ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊወስድበት ስለሚችል የእርስዎ ገና አልዘገየም። እባክዎ አይቁረጡት።

ጥያቄ፦ ዘሩን ዘራሁት፤ ወር ቢያልፈውም አልበቀለም። ቤቴ አጠገብ ልተክለው ነበር።
አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ የዘሩ ልባስ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ስለሆነ ውሃ አያስገባም። በሞረድ አንድ ጎኑን፣ ነጩ እስኪታይ ብቻ፣ ይፋቁት፤ ከፍሬው ጋር የተያያዘበትን ጫፍ አይንኩ፣ ፅንሱ እዚያ ነው። ከዚያ ለ24 ሰዓት ለብ ባለ ውሃ ይዘፍዝፉት። ያበጠውን 2 ሳንቲ ሜትር አስገብተው፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ይዝሩ። ያላበጠውን እንደገና ይፋቁ። ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ውሃ የሚቋጥር አፈር ችግኙን ከሥሩ ያበሰብሰዋል።

30 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ሳይጠማዘዝ፣ በክረምቱ መግቢያ ይትከሉት። ቤት አጠገብ ግን አይሆንም። ሥሩ ከላይ ከላይ እየተንሰራፋ ንጣፍና የውሃ ቧንቧ ያነሳል፣ ቅርንጫፉም በነፋስ ይሰበራል። ከግድግዳ ቢያንስ 8 ሜትር ይራቁ፤ መኪና በሚቆምበትም አይትከሉት። ጥላው ከቁመቱ ይበልጥ ወደ ጎን ስለሚሰፋ ጠባብ ግቢ ካለዎት ሌላ ዛፍ ይምረጡ።