ስለታዘዘ ነው ወይስ ትክክል ስለሆነ?

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄ «እግዚአብሔር ውሸትን ባይከለክል ኖሮ መዋሸት ጥሩ ይሆን ነበር?» አለችኝ። ምን ልበላት?

መልስ፦ ልጅዎ ያነሳችው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ሶቅራጥስም የተሟገተበትን ጉዳይ ነው። ከሙስሊም ሊቃውንት ሙዕተዚላዎች የተባሉት ወገኖች ክፉና ደግ በአእምሮ ይታወቃል ሲሉ፣ አሽዓሪዎች የተባሉት ደግሞ መለኪያው የፈጣሪ ትእዛዝ ነው ብለዋል።

እኔ ወደ አእምሮ አደላለሁ። ዘፍጥረት 18ን ያንብቡላት። አብርሃም ስለ ሰዶም «የምድር ሁሉ ፈራጅ በቅን ፍርድ አይፈርድምን?» ብሎ ፈጣሪውን ይሞግታል። 50 ጻድቃን ቢገኙባት ከተማዋን እንዳያጠፋ ከመለመን ጀምሮ እስከ 10 ይወርዳል። ፍትሕ ምን እንደሆነ ባያውቅ በምን አፉ ይከራከር ነበር? ፈጣሪም አልተቆጣውም፤ ለእያንዳንዱ ልመና መለሰለት።

ምዕራፍ 22 ላይ ግን ልጁን እንዲሠዋ ሲታዘዝ ያው አብርሃም አልተከራከረም። ይሄ እኔንም ይከብደኛል። ቢሆንም አይዝለሉት። ሁለቱንም ያንብቡላትና መጀመሪያ እሷ የምትለውን ይስሙ።