የልብ ድካም ያለበት ሰው ደም ሲያንሰው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። የልብ ድካም አለባቸው፤ አስፒሪንም ይወስዳሉ። ሄሞግሎቢናቸው (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን መጠን) 10.4 ሆኖ ስለተገኘ የአይረን ኪኒን ታዘዘላቸው፤ ሁለት ወር ሳያቋርጡ ቢወስዱም ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ፌሪቲናቸው 140 ስለሆነ አይረን አልጎደላቸውም ተባልን። ኪኒኑን እጥፍ እናድርገው ወይስ ደም ይሰጣቸው?

መልስ፦ ለጊዜው ሁለቱንም አያድርጉ። መጀመሪያ ያ 140 ይታይ። ፌሪቲን በሰውነት የተከማቸውን አይረን ቢያመለክትም፣ ሰውነት ሲቆጣ (ኢንፍላሜሽን ሲኖር) ክምችቱ ሳይጨምር ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ የልብ ድካም ደግሞ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያስቆጣ ሕመም ነው። ስለዚህ የልብ ድካም ባለበት ሰው ፌሪቲን ከ100 በታች ከሆነ የአይረን እጥረት አለ ይባላል። ከ100 እስከ 299 ባለው መካከል ከሆነ ግን ወሳኙ የትራንስፈሪን (አይረንን በደም ውስጥ የሚሸከመው ፕሮቲን) ሙሌት ነው፤ ከ20 በመቶ በታች ከወረደ እጥረት አለ። ሙሌቱ የሚገኘው በደም ያለውን አይረን ለጠቅላላው የመሸከም አቅም በማካፈል ነው፦ 45 ለ300 ቢካፈል 15 በመቶ ይሆናል። አባትዎ ይህ ምርመራ ካልተሠራላቸው ይጠይቁ።

ኪኒኑ ለምን አልሠራም? የተቆጣ ሰውነት ጉበቱን ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን በብዛት ያስመርተዋል፤ ይህም አይረን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን በር ይዘጋል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ሄፕሲዲንን ይበልጥ ያነሣሣል፤ ትርፉ የሆድ ድርቀትና ማቅለሽለሽ ነው። እንዲያውም ኪኒን የግድ ከሆነ በቀን አንዴ ወይም በየሁለት ቀኑ፣ ከሻይ፣ ከቡና፣ ከካልሲየምና ከጨጓራ አሲድ መቀነሻ አርቆ መውሰድ ይሻላል። የልባቸው ደም የመርጨት አቅም ለቀነሰ ሕሙማን ግን ጥቅሙ በተሻለ ሁኔታ የታየው በደም ሥር የሚሰጠው አይረን ነው። ከዓይነቶቹ አንዱ የሆነው ፌሪክ ካርቦክሲማልቶዝ በአንድ ጊዜ እስከ 1000 ሚሊግራም፣ ቢያንስ በ15 ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ከዚያ ታካሚው አለርጂ እንዳይነሣበት 30 ደቂቃ ይጠበቃል። መርፌው ከደም ሥር ወጥቶ ከፈሰሰ ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የማይለቅ ቡናማ ምልክት ስለሚተው፣ ቦታው ካቃጠላቸው ወዲያው ይናገሩ። ፌሪቲን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለ ልክ ስለሚያሻቅብ ምርመራው ከ12 ሳምንት ገደማ በኋላ ይደገማል።

ደሙ የት እንደሄደም መጠየቅ አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይኸው ነው። አስፒሪንና ደም ማቅጠኛ ከጨጓራ ወይም ከአንጀት ጥቂት በጥቂት ሊያደሙ ይችላሉ። የአይረን ኪኒንም ሰገራን ያጠቁራል፤ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ጥቁር ሰገራ ግን የደም ነው፣ አስቸኳይ ሕክምና ይፈልጋል። ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ (ጨጓራንና አንጀትን በካሜራ ማየት)፣ ከኩላሊትና ከቢ12 ምርመራ ጋር፣ ሐኪሙ ሊያዛቸው የሚገቡ ናቸው። አስፒሪኑን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ፤ በተለይ ስቴንት (የልብ ደም ሥርን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ካላቸው መዘዙ የልብ ምት እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል።

ደም መስጠት በተረጋጋ ሕመምተኛ ላይ በአብዛኛው ሄሞግሎቢን 8 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ አለዚያም የደረት ሕመምን የመሰለ ምልክት ሲኖር የሚታሰብ ነው። አንድ ከረጢት ሄሞግሎቢኑን በ1 ያህል ከፍ ቢያደርግም፣ የደከመ ልብ ላይ ፈሳሽ ስለሚጭን ሳንባ ውኃ ሊያቁር ይችላል። ሲሰጥም አንድ ከረጢት ብቻ፣ በዝግታ፣ እንደ ሁኔታው ሽንት ከሚያሸና መድኃኒት ጋር ይሁን።

ጥያቄ፦ እኔም የልብ ድካም አለብኝ። ሄሞግሎቢኔ 13.6፣ ፌሪቲኔ 45 ነው። ወንድ ነኝ። ደሜ ካላነሰ አይረን ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ለወንድ የደም ማነስ መነሻው ከ13 በታች ስለሆነ፣ እርግጥ ነው ደም አላነሰዎትም። አይረን ግን አጥሮዎታል፤ የልብም ሆነ የእግር ጡንቻ ኃይል ለማመንጨት ይፈልገዋል። ድካሙ ካለ ለሐኪምዎ ሁለቱንም ቁጥሮች ያሳዩ።