ከራስጌያቸው የተሰቀለው

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ግሉኮስ ስኳር ነው ወይስ መድኃኒት?» ብላ ጠየቀችኝ። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

ወጣት ነርስ ሳለሁ ነው፤ እዚሁ ጎንደር፣ የገሃድ ዕለት። ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ወርደዋል፤ ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ምሽት 1 ሰዓት ተረኛ ሆኜ ስገባ አንድ አባት ተኝተዋል። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ይቃዣሉ። ስኳር አለባቸው። ጠዋት የደም ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊናቸውን ተወግተው፣ ገሃድን ጾመው፣ ታቦት ሲሸኙ ነው የወደቁት። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ቆማለች።

«ምን ተደረገላቸው?» አልኩ።

«ግሉኮስ ተሰቅሏል።»

ከረጢቱ ሲንጠባጠብ አየሁ። እንግዲያው ስኳሩ ገብቷል ብዬ ሌላ ሌላውን ስፈልግ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። ወባ ይሆን አልኩ፣ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ይሆን አልኩ። ከረጢቱ አልቆ ልቀይር ስል ነው ጽሑፉን ያነበብኩት፦ ኖርማል ሳላይን። የጨው ውሃ!

በእኛ አገር ከላይ ተሰቅሎ የሚንጠባጠብ ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። የነገረኝ ሰው በሰፈር ቋንቋ ነገረኝ፤ እኔም በሰፈር ጆሮ ሰማሁ። 40 ፐርሰንቱን ግሉኮስ በደም ሥራቸው ስሰጣቸው ዐይናቸውን ገለጡ። የልጃቸው ስም ግን ጠፋቸው፤ ከዚያ ወዲያም ሲጠፋቸው ኖረ።

ግሉኮስ ስኳር ነው፤ 6 ካርቦን፣ 12 ሃይድሮጅን፣ 6 ኦክስጅን። ነጠላ ስኳር የሚባለው ወደ ሌላ ትንሽ ስኳር ስለማይከፈል ነው። የሻዩ ስኳር ግን የሁለት ጥምር ነው፦ ግሉኮስና ፍሩክቶስ። የእንጀራው ስታርችም ግሉኮስ በግሉኮስ ላይ ተቀጣጥሎ ነው። እናቴ ለጠላ ያበቀለችውን ብቅል እየሰረቅሁ ሳኝክ ይጣፍጠኝ ነበር፤ ለካ ገብሱ ሲበቅል ስታርቹ ወደ ስኳር እየተፈታ ኖሯል። ገለባው ውስጥም ብዙ ግሉኮስ ተቀጣጥሎ አለ፤ የተያያዘበት መንገድ ስለሚለይ ግን ላም ትኖርበታለች፣ እኛ አንችልም። አንጎል በቀን ወደ 120 ግራም ያህል ያቃጥላል፤ ስንቅ የሚቋጥርበት ጓዳ ግን የለውም ማለት ይቻላል። የደማቸው ስኳር ሲወርድ እኚያ አባት የተቃዡት ለዚህ ነው።

የዛሬ ልጆች ቀመሩን ከስልክ ታነበንባላችሁ፤ የጠርሙሱን ጀርባ ግን አታነቡም። ይህን የምለው እኔ፣ ከረጢት ያላነበብኩት ሰው ነኝ። ደግሞም ያቺ ልጅ ከእኔ ትሻላለች፤ ጠይቃለች። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፦ ስኳር ያለበት ሰው ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ፣ መዋጥ ከቻለ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ ስጡት። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሕክምና አሩጡት።

በማግስቱ ጠዋት የአባትየው ልጅ ኮሪደሩ ላይ አገኘችኝ። «ወንድሜ፣ ግሉኮስ ተሰቅሎላቸው አልነበረም እንዴ?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍኳት። ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ እህቴ፦ አልነበረም።