አባቴ ወሬ ቀነሱ፤ ፓርኪንሰኑ ነው ወይስ ድባቴ?

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፤ ለፓርኪንሰን ሊቮዶፓ ይወስዳሉ። ከጥቂት ወራት ወዲህ ፊታቸው አይፈታም፣ ወሬ ቀንሰዋል፣ እንቅልፍ አጥተዋል፣ የሚወዱትን ሬዲዮ እንኳ ትተዋል። ሕመሙ ነው የባሰባቸው? የድባቴ መድኃኒት ቢጀምሩስ ከሌላው ጋር አይጋጭም?

መልስ፦ ፓርኪንሰን የፊትን ጡንቻ ስለሚያደርቅና ድምፅን ስለሚያሳንስ፣ ታማሚው ደስ ብሎትም ያኮረፈ ይመስላል። እንቅልፍም ያሳጣል። እኔን ያሳሰበኝ ሬዲዮውን መተዋቸው ነው። ስለዚህ ከፊታቸው አይፍረዱ፤ ይጠይቋቸው። ደስ የሚላቸው ነገር አለ? ተስፋ ቆርጠዋል? ሸክም ሆንኩባችሁ ይላሉ? እንዲህ ያለው ስሜት በአብዛኛው የቀኑ ክፍል ለ2 ሳምንት ከዘለቀ ለድባቴ መመርመር አለባቸው። መሞትን የሚመኙ ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።

«በሽታውን መቀበል አቅቷቸው ነው» የሚለው አባባል ብዙ ታማሚዎችን ያለ ሕክምና አስቀርቷል። በሽታው ዶፓሚን ከተባለው የአንጎል ኬሚካል ሌላ፣ ስሜትን የሚነኩትን ሴሮቶኒንንና ኖርአድሬናሊንንም ያጓድላል፤ ድባቴው መንቀጥቀጡ ከመጀመሩ ከዓመታት በፊት የሚቀድምባቸውም አሉ።

ከቀጠሮው በፊት ለአንድ ሳምንት ሊቮዶፓ የዋጡበትን፣ ሰውነታቸው የከበደበትንና ስሜታቸው የወረደበትን ሰዓት ይመዝግቡ። ስሜታቸው ቀጣዩ ክኒን ሊደርስ ሲል ወርዶ ከዋጡ በኋላ የሚመለስ ከሆነ፣ የመድኃኒቱ ጉልበት ቀድሞ እያለቀ ነው ማለት ነው። ያኔ ሐኪሙ አዲስ መድኃኒት ከመጨመር ይልቅ የሊቮዶፓውን ሰዓት ወይም መጠን ሊያስተካክል ይችላል። እናንተ ግን በራሳችሁ አትቀንሱ፣ አታቋርጡም፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። የታይሮይድ፣ የቫይታሚን ቢ12 እና የደም ማነስ ምርመራም ይጠይቁ፤ ሦስቱም ድባቴ ሊመስሉ ይችላሉ።

ወደ መጋጨቱ ልምጣ። እንደ ሰርትራሊንና ቬንላፋክሲን ያሉት የድባቴ መድኃኒቶች ከሊቮዶፓ ጋር ይወሰዳሉ። ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የተባሉትን ሌሎች የፓርኪንሰን መድኃኒቶች የሚወስዱ ከሆነ ግን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ ሴሮቶኒን ከልክ በላይ ሊከማች ይችላል፤ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ቢሆንም ከባድ ነው። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት በዚህ ዕድሜ ሽንት ይይዛል፣ ያደነዛዝዛል፣ ሲነሱም የደም ግፊትን አውርዶ ሊጥል ስለሚችል ቀዳሚ ምርጫዬ አይደለም። ከመድኃኒቱ ጎን የሥነ ልቦና ምክርና መደበኛ የአካል እንቅስቃሴ ይረዳሉ።

ለውጡ የሚታየው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን ማቅለሽለሽ ሊኖር ይችላል፤ ለእሱ ተብሎ ሜቶክሎፕራሚድ እንዳይሰጣቸው፣ ዶፓሚንን ስለሚያግድ ፓርኪንሰኑን ያባብሰዋል።