ጉሊት የምታግዝ ተመራቂ ሥራ አጥ ናት ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የድሬዳዋ፣ የሳቢያን ልጅ ነኝ። በአካውንቲንግ ከተመረቅኩ ቆየሁ። ሥራ ሳጣ ቀፊራ ገበያ እናቴ ጉሊት ላይ ሆኜ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጣለሁ፤ ደመወዝ የለኝም። ወንድሜ ደግሞ ማመልከቻ ማስገባት ሰልችቶት ቤት ተቀምጧል። ሥራ አጥነት ቀነሰ ሲባል ስሰማ በጣም ያናድደኛል። ቀበሌ እንኳን አልተመዘገብንም፤ ማን ቆጥሮን ነው? ይህ ቁጥር ይታመናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከቀበሌው ልጀምርልሽ። ቁጥሩ የሚወጣው ከቀበሌ መዝገብ አይደለም። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የድሮው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ማለት ነው፣ ጠያቂዎቹን ቤት ለቤት ልኮ ባለፉት 7 ቀናት ማን ምን ሲሠራ እንደነበር ይጠይቃል። ለዚህን ያህል ወጣት የሥራ ዕድል ተፈጠረ የሚባለው ሌላ ቁጥር ነው። እሱ የቢሮ ሪፖርት ነው፤ ቋሚውም ጊዜያዊውም አንድ ላይ ተደምሮ ይመጣል፣ በዚያው ዓመት ከሥራው የተፈናቀለው ሰው ግን አይቀነስበትም። እባክሽ ሁለቱን አታደባልቂያቸው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት መስፈርት በሳምንቱ ውስጥ ለገቢ ብሎ 1 ሰዓት እንኳን የሠራ ሰው ሥራ አለው ይባላል። ለቤተሰቡ ንግድ ያለ ክፍያ የሚሠራም እንደዚያው። ስለዚህ ቀፊራ ቀኑን ሙሉ የምትቆሚው አንቺ ሥራ አጥ አይደለሽም። ዲግሪሽን አልጠየቁሽም፣ ኪስሽ ውስጥ ስንት ብር እንደገባም ለዚህ ቁጥር አይፈለግም። የሚያናድድሽ ይሄ ነው፤ ልክም ነሽ። ቁጥሩ የሚለካው ጨርሶ ሥራ የሌለውን እንጂ ሥራው የማያኖረውን አይደለም። እኛ አገር ደግሞ ሥራ ፈትቶ ቁጭ ለማለት የሚያስችል ድጎማ ስለሌለ፣ ሰው ባጃጅም ይነዳል፣ ዕቃም ይሸከማል፣ ጉሊትም ይዘረጋል፣ ብቻ የሆነ ነገር ይሠራል።

የወንድምሽ ነገር ይለያል። ጥብቅ በሆነው ዓለም አቀፍ መስፈርት ሥራ አጥ ለመባል ሥራ የሌለው፣ ቢያገኝ ለመጀመር ዝግጁ የሆነ፣ ደግሞም እየፈለገ ያለ መሆን አለበት። ፍለጋውን የተወ ሰው ከስሌቱ ይወጣል። 100 ሰው አለ እንበል። 60ው ይሠራሉ፣ 15ቱ ሥራ አጥ ናቸው፣ 25ቱ ተማሪዎችና አቅመ ደካሞች ናቸው። የሥራ አጥነት ምጣኔው 15 በመቶ አይደለም። 15ን ለ75 ታካፍያለሽ፣ ምክንያቱም 25ቱ አይገቡም፤ ስለዚህ 20 በመቶ ነው። አሁን ከ15ቱ 5ቱ እንደ ወንድምሽ ተስፋ ቆርጠው ፍለጋ ቢተዉ 10 ለ70 ይሆንና ምጣኔው ወደ 14 በመቶ ይወርዳል። አንድም ሰው ሥራ ሳያገኝ!

የኛ አገር ጥናቶች በዚህ ላይ ላላ ይላሉ፤ ባይፈልግም ለመሥራት ዝግጁ ነኝ ያለውን ሥራ አጥ ብለው ይቆጥሩታል። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2021 የተደረገው የአገር ውስጥ ጥናት 8 በመቶ ሲል (ከተማ ላይ ከዚህ በጣም ይበልጣል)፣ የዓለም ባንክ ሰንጠረዥ ላይ ያለው የኢትዮጵያ ቁጥር ከ5 በመቶ በታች የሚሆነው። ናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ 33.3 በመቶ የነበረው በ2023 መጀመሪያ 4.1 በመቶ ሆነ። ኢኮኖሚው ተአምር ሠርቶ አይደለም። ሠራተኛ ለመባል በሳምንት 20 ሰዓት ይጠየቅ የነበረውን ወደ 1 ሰዓት ስላወረዱት ነው።

እኔ ቁጥሩን አምነዋለሁ፣ ግን ለጠየቀው ጥያቄ ብቻ። ቀነሰ ሲሉሽ መስፈርቱ ያው ነው ወይ በይ። ከዚያ ምጣኔውን ትተሽ እዚያው ሪፖርት ውስጥ ወዳሉት ሌሎች ሰንጠረዦች ሂጂ። የወጣቶችና የሴቶች ለብቻው አለ። ያለ ክፍያ ለቤተሰብ የሚሠሩት ስንት እንደሆኑም ይጻፋል። አንቺን የማገኝሽ እዚያ ነው፤ ጋዜጠኞቻችን ግን እሱን ሲያነቡልን አልሰማም፣ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ለገሃሬ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። እኛ ቤት መጥቶ የጠየቀ ሰው የለም። ታዲያ ስለ ድሬ እንዴት አወቁ?

መልስ፦ ሁሉም ቤት አይጠየቅም፣ በዕጣ የተመረጡ ሰፈሮችና ቤቶች ናቸው። ዕጣው በትክክል ከወጣ ይሠራል። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ የተጠየቁት ጥቂቶች ለስንት ሰው እንደሚቆሙ የሚሰላው በሕዝብ ቆጠራ ላይ ተመሥርቶ ነው። የመጨረሻው ሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ድሬ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር እንደጨመረች ታውቃለህ። ደግሞ ናሙና ስለሆነ ከዓመት ዓመት በግማሽ በመቶ ወጣ ወረደ የሚባለውን ብዙም አትመነው፣ ዕጣው ራሱ ያን ያህል ያወዛውዛል።

ጠያቂ ቤትህ ከመጣ ደግሞ ራስህ መልስ። ብዙ ጊዜ ቤት የተገኘ ሰው ስለ ሌላውም ይመልሳል። እናት ስለ ልጇ "ሥራ የላትም" ትላለች፣ የመንግሥት ሥራ ማለቷ ነው፤ ልጅቷ ግን ቀፊራ ስትሸጥ ነው የዋለችው።