ስለ ባርኔጣ ማኅበራችሁ፦ ደንቡን ለጊዜው ተዉት

ሰላም እህቴ፤ አምስት ጓደኛሞች ሆናችሁ ባለላባ ባርኔጣ እየደፋችሁ በየወሩ የምትገናኙበት የጨዋታ ማኅበር ከማቋቋማችሁ በፊት ደንብ ማርቀቅ ይኖርባችሁ እንደሆነ ጠይቀሻል። በእኔ አስተያየት ደንቡ ሊቆይ ይችላል። በካሊፎርኒያ ሱ ኤለን ኩፐር ለጓደኛዋ በልደት ቀኗ ቀይ ባርኔጣ ሰጥታ ሌሎቹም ስጦታውን ከወደዱት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁሉም ሐምራዊ ልብስ ለብሰውና ቀይ ባርኔጣ ደፍተው ሻይ ለመጠጣት በመውጣታቸው ዛሬ በብዙ አገሮች አባላት ያሉት የቀይ ባርኔጣ ማኅበር ተወለደ። ዕድሜያቸው 50 ያልሞላ ሴቶችም አልተከለከሉም፤ ሮዝ ባርኔጣ ይደፋሉ። ይህች የቀለም ልዩነት ብቻዋን ስንት ጨዋታ እንደምታመጣ አስቢው።

እኛ የቢራቢሮ ክራቫት ማኅበር ስንመሠርት በመዋጮ ጉዳይ ስንከራከር ሁለት ወር ባክኖብናል። የሠራልን ደንብ አንድ ብቻ ነው፤ ክራቫቱን ረስቶ የመጣ የሁሉንም ማኪያቶ ይከፍላል። (አንዱ ወዳጃችን የካፌውን ሶፍት አጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ አንገቱ ሥር ሰክቶ ለማምለጥ ሞክሯል፤ ከረጅም ክርክር በኋላ ተቀበልነው።) ተራውም እንደ ጽዋ ማኅበር በየቤታችሁ ይዙር። ላባው ግን በሚኒባስ ግፊያ ስለሚሰበር ባርኔጣውን በካርቶን ይዛችሁ ሂዱና በር ላይ ስትደርሱ ድፉት።