የአውድማው ዐሥራት፣ የአርባው ድግስና ሌሎች ጥያቄዎች

መኸሩ ሲደርስ የሚመጡት ጥያቄዎች መልካቸው ይለወጣል። የአጨዳ ድካም፣ የዐሥራት ስሌት፣ የተዝካር ወጪ አብረው ይመጣሉ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል። የንስሐ አባት ቀርቦ ሊሰማው የሚገባ ነገር ሲያጋጥም ደግሞ ወደ እርሱ መርተናል፤ የእያንዳንዱን ሰው አቅምና ሸክም የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ጥያቄ፦ በአጨዳ ጎሕ ሳይቀድ እወጣለሁ፣ ስመለስ ጨልሟል። ማንበብም አልችልም። ጾመ ነቢያትን እየጾምሁ ነው፤ ጸሎቱን ግን ከተውሁት ሰነበትሁ። ምን ላድርግ? (ገበሬ፣ ከቢቸና አካባቢ)

መልስ፦ ጸሎቱን ያሳጥሩት እንጂ አይጣሉት። ብዙ ሰው ጸሎት የሚያቋርጠው ጊዜ አጥቶ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ ጀምሮ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ሲመለስ ልቡ ይሞቅና ብዙ ለማድረስ ይወስናል፣ ረቡዕ ይደክመዋል፣ ሐሙስ አፍሮ ጭራሽ ይተወዋል።

ለአጨዳ ወራት የሚበቃው ይህን ያህል ነው። ሲነሡ ፊትዎን ታጥበው ወደ ምሥራቅ ይቁሙ። ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ አማትበው በስመ አብ ይበሉ። ቀጥሎ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት። ሳይጣደፉ ቢያደርሱት ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። ተኝተው ግን አይጀምሩት፤ አቡነ ዘበሰማያት ሳያልቅ እንቅልፍ ይመለሳል። ቀትር ላይ፣ ጌታ በተሰቀለበት በ6 ሰዓት፣ ማጭዱን አስቀምጠው ቀና ይበሉና አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ። ነፍሱን በሰጠበት በ9 ሰዓትም እንዲሁ፤ ጾሙን ሊፈቱ ሲሉ ስለሚሆን አይረሳም።

ማታ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይበሉ። መቁጠሪያ ከሌለ አውራ ጣትን ትተው የቀሩትን አራት ጣቶች አንጓ ይቁጠሩ። አንዱ እጅ 12 ይሆናል፤ ሦስት ዙር 36፣ አምስት ሲጨምሩ 41። ከዚያ የዕለቱን ቸርነት ሦስት ነገር ለይተው ያመስግኑ። «ስለ ሁሉ ተመስገን» ማለት መልካም ነው፤ ነገር ግን «ዶፉ ሳይወርድ ክምሩ ስለ ተከመረ፣ ልጄ ከትኩሳቱ ስለ ተሻለው» ሲባል ልብ አብሮ ይቆማል። ከልጆችዎ ንባብ የለየ ካለ በየማታው አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ ያንብብልዎ። 150ው በ15 ቀን ያልቃል።

አንድ ነገር እንጨምር፦ አጫጅ ቀጥረው ከሆነ ሒሳቡን እዚያው ማታውን ይክፈሉ። ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳይገባ ስጠው ይላል። ያዕቆብም (5፥4) የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ ራሱ እንደሚጮኽ ጽፏል። «ገበያ ስወጣ እሰጥሃለሁ» ተብሎ ባዶ እጁን የተሸኘ ሠራተኛ ካለ፣ የማታው ምስጋና ከመጀመሩ በፊት እርሱ ይቅደም።

ጥያቄ፦ ዐሥራት ከምን ላይ ይሰላል? ከደመወዝ ነው ወይስ ከተረፈው? (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ) የጤፉን ዐሥራት ሸጬ በገንዘብ ባወጣስ? የማዳበሪያ ዕዳም አለብኝ። (ገበሬ፣ ከደጀን)

መልስ፦ መምህሩ ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅዎ ላይ ከሚደርሰው ያስሉ። 9,000 ብር ከደረሰዎት ዐሥራቱ 900 ነው። የቤት ኪራይ፣ ዕቁብና የብድር ክፍያ አይቀነሱም፤ እነርሱ የእርስዎ ወጪዎች ናቸው። ደመወዝ በወጣበት ቀን ለይተው ያስቀምጡ። ከተረፈው እሰጣለሁ ያለ ሰው በወሩ መጨረሻ የሚሰጠው አያገኝም፤ ይህ የስስት ሳይሆን የቅደም ተከተል ስሕተት ነው።

ገበሬው ጤፉ ተወቅቶና ተነፍሶ ገና አውድማ ላይ ሳለ ይስፈሩ። ዘጠኝ ቁና ለጎተራ፣ ዐሥረኛው ለብቻው ጆንያ። 14 ኩንታል ከወጣ 1 ኩንታል ከ40 ኪሎ ይሆናል። ሸጦ በብር ማውጣት ይቻላል፤ ችግሩ ጤፉ ጎተራ ከገባ በኋላ ለመለየት እጅ ይከብዳል፣ «ዋጋው ይወደድ» እየተባለም እስከ ክረምት ይቆያል። ስለዚህ ቢሸጡትም አስቀድመው ይለዩት። የተለየው ከምርጡ ይሁን፤ ግርዱን ለእግዚአብሔር ማውጣት በሚልክያስ ዘመን ዕውሩንና አንካሳውን ከብት ለመሥዋዕት እንዳቀረቡት መሆን ነው (1፥8)።

የማዳበሪያው ዕዳ ሰብሉን የሚያሟጥጥ ከሆነ ግን ለብቻዎ አይወስኑ። የምርቱንና የዕዳውን ልክ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩና እርሳቸው የሚሉትን ያድርጉ። ዐሥራቱን ለአጥቢያዎ ሰበካ ጉባኤ ሲያስገቡ ደረሰኝ ይቀበሉ። ደረሰኝ መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ገንዘቡን የሚይዙትን ወንድሞችም ከሐሜት ይጠብቃል። ከሰጡ በኋላ ደግሞ ዝም ይበሉ። በሉቃስ 18 ያለው ፈሪሳዊ ከሚያገኘው ሁሉ ዐሥራት ያወጣ ነበር። ስሌቱ ልክ ነበር፤ የጎዳው በቀራጩ ላይ መመካቱ ነው።

ጥያቄ፦ የአባታችን አርባ ሊደርስ ነው። ያለን ሁለት በሬ ነው። ዘመዶች አንዱን ሸጣችሁ አገር ጥሩ ይላሉ። እናታችን ደግሞ «ሰው ምን ይለኛል» እያለች ታለቅሳለች። (ከሞጣ አካባቢ)

መልስ፦ በሬውን አትሽጡ። አንድ በሬ የቀረው ቤት ለከርሞ የሚያርሰው ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጅቶ ነው፤ እስኪደርሰው የዘሩ ወቅት ያልፈዋል። አባታችሁ የደከመበትን እርሻ አዳክሞ ለእርሱ መታሰቢያ ማድረግ አይሆንም።

ለሟች የሚያስፈልገው ጸሎት፣ ቅዳሴና ምጽዋት ነው። ድግሱ ከዚያ በኋላ የመጣ የሰው ልማድ ነው። ከአርባው ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድማችሁ ወደ ደብሩ አስተዳዳሪ ሂዱና ቀኑን አስይዙ። የአባታችሁን የክርስትና ስም ጽፋችሁ ስጡ። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ የዓለም ስሙን ብቻ ይዞ ይመጣና ቄሱ በጸሎት የሚጠሩት ስም ይታጣል። የማታውቁት ከሆነ የክርስትና አባቱን ቤተሰብ ወይም የንስሐ አባቱን ጠይቁ። መገበሪያው ንጹሕ ስንዴ፣ ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ ነው። መጠኑን ገበዙ ይነግራችኋል፣ ከዚያ አታሳልፉ።

ከቅዳሴው በኋላ ነዳያንን አብሉ። ለ30 ሰው 10 ኪሎ ጤፍ 30 እንጀራ ያህል ይወጣዋል፤ ሁለት ኪሎ ሽሮ ይበቃል። አርባው የሚውለው በጾም ከሆነ ቅቤና ሥጋ ከመጀመሪያውም የለም፤ ወጪው በዚያው ልክ ይቀላል። ጌታ ግብዣ ስታደርግ ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችን፣ ጉንድሾችን፣ አንካሶችንና ዕውሮችን ጥራ ብሏል (ሉቃ. 14፥12-14)። አገር ተጠርቶ ነዳያኑ በር ላይ የሚመለሱበት ተዝካር ከዚህ ቃል ጋር አይገናኝም። ጦቢትም ለልጁ ጥቂት ካለህ ከጥቂቱ ለመስጠት አትፍራ ብሎ መክሮታል (4፥8)።

የቀረው ይሉኝታው ነው፤ ከባዱም እርሱ ነው። ዘመዶችን አንድ በአንድ አትከራከሩ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይጨምራል። ቀኑ ሳይደርስ የንስሐ አባታችሁንና ከዘመድ ቃሉ የሚሰማውን አንድ ሽማግሌ ቤት ጥሩ፣ እናታችሁ ባለችበት አቅማችሁን በግልጽ ተናገሩ። ቄሱ «ይህ በቂ ነው» ሲሉ እናታችሁ ትረጋጋለች። ሐሜት አይቀርም። «አባታቸውን ባዶውን ሸኙት» የሚል ይኖራል፤ ሳትመልሱ ስሙትና እለፉት። ለአባታችሁ የምትከፍሉት ትሕትና ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሠፈራችን የቅኔ ጉባኤ ቤት አለ። የቆሎ ተማሪ በየቀኑ ይመጣል። ኑሮው ተወዷል፣ ባዶ ስመልሳቸው ይከነክነኛል። ምን ልስጥ? (የቤት እመቤት፣ ከመርጡለ ማርያም)

መልስ፦ ጎጃም እንደ ዋሸራና ጎንጅ ባሉ የቅኔ ጉባኤዎቹ ስሙ የተጠራ አገር ነው፤ ተማሪው ከሩቅ መጥቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው ቤቱ ድሀ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የባለጸጋ ልጅም አኩፋዳ ተሸክሞ ይወጣል። መለመኑ ራሱ ከትምህርቱ ነው፤ ነገ የሚያስተምረውን ሕዝብ እንጀራ በልቶ ያድጋል። ስለዚህ ሰጪዋም ከፍ ብላ አትስጠው።

በየቀኑ መስጠት ካልቻሉ በሳምንት ሁለት ቀን ይወስኑና በዚያ ቀን ያለማቋረጥ ይስጡ። የሻገተ እንጀራ አይስጡ። ላዩን ፍቀው ቢያነሡትም ሻጋታው ውስጥ ገብቷል፣ ይታመሙበታል። እንጀራ የሚተርፍዎት ከሆነ ሁለተኛው ቀን ላይ፣ ሳይሻግት፣ ቆራርሰው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። በደንብ የደረቀ ድርቆሽ እርጥበት በሌለበት ቢቀመጥ ብዙ ይቆያል፤ ተማሪው ውኃና በርበሬ ነክሮ ይበላዋል። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ የነካ ትራፊ ከጾም እንጀራ ጋር አይቀላቅሉ፤ ሁሉንም እንዳይበላ ያደርጉታል። ሳሙናና አሮጌ ብርድ ልብስም ከምግብ አይተናነስም፤ በጠባብ ጎጆ ተጨናንቀው ስለሚያድሩ እከክና ቅማል ያሠቃያቸዋል።

ውሻ ካለዎት በሚወጡበት ሰዓት ይታሰር። የሚሰጡት የሌለ ዕለት እስኪሄድ ዝም ብለው አይጠብቁ፣ በር ላይ ወጥተው «እግዚአብሔር ይስጥህ የኔ ልጅ» ይበሉት። ሰጡት ብለውም እንጨት ፍለጥ፣ ውኃ ቅዳ አይበሉት።

ጥያቄ፦ ልጄን ቀበርሁ። የሚመጣው ሁሉ «ተመስገን በይ» ይለኛል። አልወጣ አለኝ። እምነቴ ጠፍቶ ነው? (እናት፣ ከዳንግላ)

መልስ፦ እኅታችን፣ አልጠፋም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል፣ ሊያስነሣው እያወቀ። ዳዊት ውስጥ ምስጋና ብቻ አይደለም ያለው። መዝሙር 12 «እስከ መቼ» እያለ ይጮኻል፣ 21ኛው «አምላኬ አምላኬ ለምን ተውኸኝ» ይላል፤ ጌታም በመስቀል ላይ ያለው ይህንኑ ነው። አሁን የእርስዎ ጸሎት እነዚህ ይሁኑ። ምስጋናውን ቤተ ክርስቲያን በጸሎተ አኰቴት «ነአኵቶ» ስትል ስለ እርስዎም ታደርሰዋለች፤ እርስዎ እዚያ መቆም ብቻ ይበቃዎታል፣ መቆም ካቃተዎትም ይቀመጡ።

ሳምንታት አልፈውም እህል አልወርድ፣ እንቅልፍ አልመጣ ካለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጸበሉም ሕክምናውም አብረው ይሄዳሉ፤ የታዘዘልዎትን መድኃኒት ጸበል ጀመርሁ ብለው አያቋርጡ። ለጎረቤቶችም አንድ ቃል፦ የኢዮብ ወዳጆች መልካም የሠሩት አጠገቡ ሰባት ቀን ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ ነው። የከፋው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። እንጀራ ጋግራችሁ ውሰዱ፣ ውኃ ቅዱላት፣ ሌላውን ተዉት።

ጥያቄ፦ በማኅበር ሆነን ለችግረኞች ልብስ ሰጠን። ለጋሾች እንዲያምኑን ፎቶ ማንሣት ነውር አለው? (ወጣቶች፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ፊታቸውን አታንሡ። ልብሱን ከመታደሉ በፊት ተደርድሮ ሳለ አንሡት፣ የግዢውን ደረሰኝ፣ ብዛቱንና የታደለበትን ቀበሌ ጻፉ፣ ከማኅበሩ ውጭ የሆነ አንድ የደብሩ አገልጋይ ይፈርምበት። ለጋሽ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም። ተቀባዩ ግን ነገ ልጁ ትምህርት ቤት ሲሄድ ያ ፎቶ ይከተለዋል።

ጥያቄ፦ ጾም አላፈርስም። የማይጾሙትን የሥራ ባልደረቦቼን ግን ንቄ እንደማያቸው ታወቀኝ። (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ ማወቅዎ ትልቅ ነገር ነው። በሚቀጥለው ኑዛዜ «ትዕቢት አለብኝ» ብለው በጅምላ አይለፉት፤ ማንን፣ መቼ፣ በምን እንደናቁ ይናገሩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጾመኛ መሆንዎን የሚያስታውቅ ነገር፣ ፊት ማጥቆርም ቢሆን፣ ይተዉ (ማቴ. 6፥16)። በጾም የቀረውን የቁርስ ዋጋ በየዕለቱ ለብቻ አስቀምጠው በሳምንቱ ለተቸገረ ይስጡ፤ ኢሳይያስ 58፥7 ጾምን ያያዘው እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር ነው። ከናቋቸው ሰዎች መካከልም በአንድ ነገር የሚበልጥዎትን ይፈልጉና ሥራውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁት። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፣ ፍቱንም እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የንስሐ አባቴ በቀን 40 ስግደት ሰጡኝ። ጉልበቴ አልቻለም፣ ለመንገር አፈርሁ። (እናት፣ ከቡሬ)

መልስ፦ ይንገሯቸው እማማ። በስግደቱ ፈንታ ዳዊት፣ ምጽዋት ወይም ቆሞ መጸለይ ሊያዝዙልዎ ይችላሉ። እስኪያገኟቸው ድረስ እጅዎ ጉልበትዎን እስኪነካ ጎንበስ እያሉ ያድርሱት። እሑድ፣ በበዓለ ሃምሳና ሥጋ ወደሙ በተቀበሉበት ዕለት ስግደት የለም፤ እነዚህን ቀናት እንደ ዕዳ ቆጥረው በማግስቱ አያካክሱ። ለሚሰግዱትም ሰሌን ወይም አጎዛ ያንጥፉ፣ እህል ሳይቀምሱ ይስገዱ፣ ዐሥር ዐሥር እያደረጉም ይረፉ።